ለሁለተኛ ጊዜ የምትደውል ደንበኛ

ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣

የውበት ሙያ ተምራችሁ፣ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና አልፋችሁ፣ የሳሎን ኪራይ ከአቅማችሁ በላይ ስለሆነባችሁ ዕቃችሁን በሻንጣ ይዛችሁ ቤት ለቤት መሥራት የጀመራችሁ ልጆች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ደንበኛ ከየት ይገኛል?» ትሉኛላችሁ። በዚህ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ፒያሳ አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀጥሬ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሠርቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት የተረዳሁት፣ አንድ ጊዜ የጠራችኝን ሴት ደንበኛዬ ብዬ መቁጠር እንደሌለብኝ ነው። ደንበኛዬ የምላት ለሁለተኛ ጊዜ ስትደውልልኝ ነው፤ የምመክራችሁም ሁሉ ያን ሁለተኛ ጥሪ ስለሚያመጣው ነገር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁት ትልቁ ስሕተት የተደወለልኝን ሁሉ እሺ ማለቴ ነበር። ጀሞ እየኖርኩ ጠዋት አያት፣ ከሰዓት በኋላ ሳሪስ፣ አመሻሽ ላይ ሰሚት እሄድ ነበር። ቀኔ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል፤ ከተከፈለኝ ላይ የትራንስፖርቱ ሲቀነስ የሚተርፈኝ ለዕቃ መግዣ እንኳ አይበቃም። ከሁሉ የከፋው ግን ማርፈዴ ነበር። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ሰው ሰዓት ማክበር አይችልም፣ ሰዓት ያላከበረ ባለሙያ ደግሞ እጁ የቱንም ያህል ቢያምር ተመልሶ አይጠራም። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት በእግሬ የምደርስበትን የጀሞ ኮንዶሚኒየም ብቻ ለመያዝ ወሰንኩ። የመጣን ጥሪ እምቢ ማለት ለጀማሪ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ጎረቤታሞች ይተያያሉ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የተሠራ ጥፍር ዕቁብ በሚጣልበት ዕለት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይታያል፣ ቡና ላይ «ማን ሠራሽ?» ይባላል፣ ስልካችሁም ከዚያው ይወሰዳል። ቲክቶክና ቴሌግራም ሥራችሁን ለማሳየት ጥሩ ናቸውና አትተዉአቸው፤ ሆኖም ቪዲዮ አይታ የምትደውል ሴት አስቀድማ የምትጠይቃችሁ ዋጋ ሲሆን፣ ከጎረቤቷ የሰማችው ግን መቼ እንደምትመጡ ነው የምትጠይቀው።

ባለሙያ ቤቷ ድረስ የምታስጠራ ሴት ሳሎን ያልሄደችበት ምክንያት አላት፤ ምክንያቷን የተረዳ ደንበኛ ያገኛል። አራስን አስቡ። ልጇ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና ታስነሣለች፤ ለዚያ ቀን ፀጉሯና እግሯ እንዲያምር ትፈልጋለች፣ ነገር ግን ሕፃኑን ትታ ሳሎን ወረፋ መጠበቅ አትችልም። ወንድ በሚገባበት ሳሎን ሒጃቧን ማውለቅ የማትወድ ሙስሊም እኅትም አለች፤ እንዲህ ያለችው ደንበኛ እምነት ከጣለችባችሁ ለሂና ምሽቷም ለዒዷም እናንተን ነው የምትጠራው። ደረጃ መውረድ የከበዳቸው፣ ጎንበስ ብለው የእግር ጥፍራቸውን መቁረጥ ያቃታቸው እናቶች አሉ። ወጣት ባለሙያዎች ሙሽራን እንጂ እነዚህን እናቶች አያስቧቸውም፣ በእኔ ግምት ግን የቤት ለቤት ሥራ ምሰሶዎቹ እነርሱ ናቸው። ሙሽራ አንድ ቀን ትከፍላለች፤ የጉልበት ሕመም ያለባቸው እናት ግን በየወሩ ይጠሯችኋል፣ ልጆቻቸውንም ያስተዋውቋችኋል። እግራቸውን ከመንካታችሁ በፊት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ጠይቁ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስና ትንሽ ጭረት ወደማይድን ቁስል ሊለወጥ ስለሚችል፣ የተረከዝ ቆዳቸውን በምላጭ አትንኩ፤ ቁስል ካያችሁም ሥራውን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ንገሩ።

ሳሎን ውስጥ ደንበኛዋ እንግዳ ናት፤ ቤቷ ስትሄዱ ግን እንግዶቹ እናንተ ናችሁ። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ። እኔ ሻንጣዬን ከመክፈቴ በፊት የታጠበ ነጭ አንሶላ መሬት ላይ አነጥፋለሁ፣ የጥፍር ስብርባሪውም የፀጉር ብናኙም እዚያው ላይ ይቀራል፤ ስጨርስ አራቱን ጫፍ ሰብስቤ ቆሻሻውን በራሴ ፌስታል ይዤ እወጣለሁ። አንዲት ደንበኛ ስለ ጥፍሯ ቀለም ምንም ሳትል፣ ስለዚያ አንሶላ ለእኅቷ ስታወራ ሰምቻለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ውኃ መኖሩን በስልክ ጠይቁ፣ መብራት ቢጠፋ የሚሆን ባለ ባትሪ መብራት ያዙ፣ ሜካፕ ስትሠሩ ደግሞ ደንበኛዋን መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፤ በአምፖል ብርሃን የተመረጠ ፋውንዴሽን የሚባለው የፊት ቀለም ደጅ ሲወጣ አመድ ይመስላል። ቡና ከቀረበላችሁ አቦሉን በደስታ ጠጡ፣ እስከ በረካ ግን አትቆዩ፤ ቀጣዩ ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ጥሪ በቀጥታ ስለሚያመጣው ነገር ልንገራችሁ። ሥራችሁን ጨርሳችሁ ዕቃ ስትሰበስቡ፣ ደንበኛዋ መስታወት እያየች ደስ ብሏት ሳለ፣ ቀጣዩን ቀን አስይዙ። የጄል ጥፍር ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ በክር የተነሣ ቅንድብ አንድ ወር ያህል፣ በዋክስ (በሰም) የተነቀለ የገላ ፀጉር ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እንደሚቆይ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ «ቅንድብሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይልሻል፤ የዛሬ አራት ሳምንት በዚሁ ሰዓት ብመጣ ይመችሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። «እደውልልሻለሁ» ካለች በኋላ የምትደውል ጥቂት ናት፤ ቂም ኖሯት ሳይሆን ኑሮ ስለሚያስረሳት ነው። ደብተርም ያዙ። የእኔ ደብተር ለእያንዳንዷ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው፤ የቆዳዋ ዓይነት፣ የሚስማማት የፋውንዴሽን ቁጥር፣ የማይስማማት ነገር፣ የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ሲነካ የሚያማት መሆኑ፣ የልጇ ስም፣ ሁሉም ተጽፏል። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ «ያ አውራ ጣትሽ እንዴት ሆነ?» ስትሏት ፊቷ ሲበራ ታያላችሁ።

ደብተሩን በጥንቃቄ መያዝ የጀመርኩት ግን በራሴ ጥፋት ምክንያት ነው። የአንድ ሙሽራ እናት ለሰርጉ ዋዜማ ፀጉራቸውን ጥቁር ቀለም እንድቀባቸው ጠሩኝ። «ለዓመታት የተቀባሁት ነው፣ ምንም አይለኝም» አሉኝ፤ እኔም ሰዓቱ ስለጠበበ አምኜ ቀባሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሙሽራዋን ልሠራ ስገባ የእናትየው የዓይን ቆብ አብጦ፣ ግንባራቸው ቀልቶ አገኘኋቸው። በብዙዎቹ ጥቁር የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሰውነት ለዓመታት ከታገሠው በኋላም በድንገት ሊቆጣበት ይችላል። ይህን ተምሬው ነበር፣ ግን አልፈተሽኩም። ወደ ክሊኒክ ወስጄ አሳክሜ ገንዘባቸውን መለስኩ፤ እርሳቸውም አልተቆጡኝም። ይሁን እንጂ በልጃቸው ሰርግ ፎቶ ላይ ያበጠ ዓይናቸው ለዘላለም ቀርቷል፤ ከዚያ ብሎክም ለሁለት ዓመት ያህል አንድም ሰው አልጠራኝም። ጎረቤት ሥራችሁን እንደሚያወራላችሁ ሁሉ ጥፋታችሁንም ያወራል። ስለዚህ ቀለም ከመቀባታችሁ ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ወይም በክርን ውስጠኛው በኩል ጥቂት ቀብታችሁ ፈትሹ፤ ጊዜ ከሌለ ሥራው ይቅር።

ሥራ እንዲቀር ማድረግ ያለባችሁ በሌላም ጊዜ ነው። ፊት የሚያነጣ ቅባት እንድታመጡ ወይም እንድትቀቡ የሚጠይቋችሁ ይኖራሉ። ከእነዚህ ቅባቶች በአንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ፣ በሌሎቹ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መነካት የሌለበት ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ይገኛል። ስቴሮይዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያጠራል፣ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲቆም ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ብጉር ይወጣል። እምቢ ስላልኩ የተቀየሙኝ ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ከዓመት በኋላ ፊታቸው ተጎድቶ ምን ባደርግ ይሻለኛል ብለው የጠየቁኝም አሉ፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ላክኋቸው።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር ልበል። ትራንስፖርቱን ጨምራችሁ ዋጋችሁን በስልክ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ቤት ከገባችሁ በኋላ አትለውጡት። ለሙሽራ ሥራ ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበሉ፤ ቀብድ ያልተከፈለበት የጥር ቅዳሜ የእናንተ አይደለም። ደንበኛ ለመሳብ ብላችሁ ዋጋ አትስበሩ፤ በርካሽ የመጣች ከእናንተ የረከሰ ስታገኝ ትሄዳለች። ዓመቱም እኩል እንደማይከፍል ዕወቁ። ጥርና ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሰርግ ይጨናነቃሉ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን የኦርቶዶክስ ሰርግ ስለሌለ ጀማሪው ሥራው የሞተ ይመስለዋል። እኔ እነዚያን ሳምንታት የምጠቀምባቸው ቀደም ብዬ ላነሣኋቸው፣ ደረጃ መውረድ ለከበዳቸው እናቶች እግርና ለሚያዝያ ሙሽሮች የሙከራ ሜካፕ ነው።

በሰው ቤት የምታዩትን በሰው ቤት ተዉት። እግሯ ውኃ ውስጥ ያለች ሴት ለባሏ ያልነገረችውን ትነግራችኋለች፤ የባሏን ስልክ ጭቅጭቅ ትሰማላችሁ፣ ፍሪጁ ባዶ መሆኑን ታያላችሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የአንዷን ጉዳይ ለሌላዋ ያወራች ባለሙያ፣ የሰማቻት ሴት ራሷ «የእኔንም እንዲሁ ታወራለች» ብላ ትተዋታለች። ፎቶም ቢሆን ሳታስፈቅዱ አታውጡ፤ የፈቀደችላችሁም ፊቷ እንዲታይ ወይም ጥፍሯ ብቻ እንዲወጣ እንደምትፈልግ ጠይቋት።

በተለይ ለእናንተ ለሴቶች ልጆች፤ የማታውቁት ወንድ «ባለቤቴን ሥሪልኝ» ብሎ ሲደውል፣ ባለቤቱ ራሷ ስልኩን ይዛ እስክታነጋግራችሁ ድረስ ቀጠሮ አትያዙ። አዲስ ቤት ስትሄዱ ስልካችሁን ማን እንደሰጣቸው ጠይቁ፣ የምትገቡበትን ብሎክና የቤት ቁጥር ለእኅታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ በቴሌግራም ላኩ፣ የምትወጡበትንም ሰዓት ንገሯት። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ እልካለሁ፤ ልጄም በተባለው ሰዓት ካልወጣሁ ትደውልልኛለች።