የቮን ዊለብራንድ ምርመራ፦ አንድ ውጤት ለምን አይበቃም?

የደም መርጋት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። በዘር ስለሚተላለፈውና ደም ቶሎ እንዳይቆም ስለሚያደርገው የቮን ዊለብራንድ ሕመም ከጠየቃችሁኝ ጥቂቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የወር አበባዋ ሲመጣ ደሙ አልቆም ይላል። ነስርም አለባት። ፒቲና ኤፒቲቲ (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩ ምርመራዎች) ተሠርቶላት «ደህና ናት» ተባልን። ልተወው?

መልስ፦ እባክሽ እንዳትተዪው እህቴ። ሁለቱ ምርመራዎች ደህና ሆነው ሕመሙ ሊኖር ይችላል። ሦስት ነገር አንድ ላይ ይለካላት፦ የቮን ዊለብራንድ ፕሮቲን መጠን፣ ፕሮቲኑ ፕሌትሌትን (ደም የሚያቆሙትን ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) የመያዝ አቅሙ፣ ፋክተር 8 (ደም የሚያረጋ ሌላ ፕሮቲን)። ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ቮን ዊለብራንድ በ1926 የጻፈላት የኦላንድ ደሴቶች ልጅ በ13 ዓመቷ የሞተችው በአራተኛው የወር አበባዋ ደም ፈሷት ነው። ይህን ሳስብ «የሴት ልጅ ነገር ነው፣ ይለምድሻል» የሚለው ንግግር ያመኛል።

ጥያቄ፦ የቮን ዊለብራንድ ፕሮቲን መጠኔ (ከመደበኛው በመቶኛ) መጀመሪያ 44፣ ከሁለት ወር በኋላ 68 ወጣልኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ፕሮቲኑ በጭንቀት፣ በሩጫ፣ በኢንፌክሽን፣ በእርግዝና ይጨምራል። መርፌ ፈርቶ ያለቀሰ ሕፃን እንኳ ከፍ ሊልበት ይችላል። የደም ዓይነታቸው ኦ የሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ በተፈጥሮ ሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ሌላም አለ፦ ደሙ ፕላዝማው (ፈሳሽ ክፍሉ) ሳይለይ በረዶ ላይ ከቆየ ውጤቱ በሐሰት ይወርዳል። ስለዚህ ተረጋግተሽ፣ ጤና ሆነሽ ድገሚው። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ከ30 በታች የሆነውን ሕመም ይለዋል። ከ30 እስከ 50 ከሆነ የመድማት ታሪክ አብሮ ይታያል።

ጥያቄ፦ «ዓይነት 2» ተባልኩ። ከ1 ይብሳል?

መልስ፦ ቁጥሩ የክብደት ደረጃ አይደለም። በ1 ፕሮቲኑ ያንሳል፣ በ3 ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። በ2 ግን ችግሩ ጥራቱ ላይ ነው። መጠኑ 60 ሆኖ አቅሙ 20 ከሆነ፣ 20ን ለ60 ስናካፍል 0.33 ይመጣል። ከ0.7 በታች ሲሆን 2ን እንጠረጥራለን። ከዚያ የትኛው የ2 ንዑስ ዓይነት እንደሆነ ይጣራ። 2ቢ ላይ ዴስሞፕሬሲን (ለዚህ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት) የፕሌትሌትን ቁጥር ሊያወርድ ይችላል። 2ኤን ደግሞ ቀላል ሂሞፊሊያ ኤ (ፋክተር 8 የሚያንስበት ሌላ የመድማት ሕመም) መስሎ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ወንዶችን ብቻ ነው የሚይዘው?

መልስ፦ አይደለም። ጂኑ የጾታ ክሮሞዞም ላይ ሳይሆን ክሮሞዞም 12 ላይ ስለሆነ ወንድም ሴትም ይወርሱታል።

ጥያቄ፦ ነገ ጥርሴን ልነቀል ነው፤ ውጤቴ ገና አልመጣም።

መልስ፦ ካልቸኮለ ይቆይ። ጥርጣሬውን ለጥርስ ሐኪምህ ዛሬውኑ ንገረው። ለጥርስ ሕመሙም አስፒሪንና አይቡፕሮፌን አትውሰድ፤ ፓራሲታሞል ይሻልሃል።