«ሆደ ሰፊ» እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከወልድያ ነሽ፣ 11ኛ ክፍል። «የሲሚሊንና የሜታፈርን ትርጉም ሸምድጃለሁ። ምንባብ ውስጥ ሲመጡ ግን አላውቃቸውም። ራሴ ስጽፍ ደግሞ መምህሩ ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም ይለኛል። ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። አብሽሪ እህቴ። ደሴ ዙሪያ እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህን ጥያቄ ይዞ የማይመጣ ተማሪ የለም። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተቸገርኩበት ነገር ነው።

10ኛ ክፍል ሳለን ስለ እናታችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ ተባልን። እናቴ ሆደ ሰፊ ናት። ጎረቤት ቢያስቀይማት፣ ልጅ ቢያጠፋ፣ ሁሉን ቻል አድርጋ ታልፋለች። ይህንኑ በኩራት ጻፍኩ፦ «ማይ ማዘር ሃዝ ኤ ዋይድ ስቶማክ»። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበትና ክፍሉ ፊት አነበበው። ልጆቹ ሳቁ። ለምን ስህተት እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ማስረዳቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ስሜትን ሆድ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። ሆዴ ባባ እንላለን። ሆደ ባሻ፣ ሆድ ይፍጀው እንላለን። እንግሊዝኛ ደግሞ አብዛኛውን ወደ ልብ ይወስደዋል። «ዋይድ ስቶማክ» ያለውን የሚያነብ እንግሊዛዊ እናቴ ቦርጭ እንዳላት ነው የሚገባው። «ቢግ ሃርት» ብልም አልድንም ነበር፣ እሱ ደግና ለጋስ ማለት እንጂ ታጋሽ ማለት አይደለም። «ሺ ኢዝ ቬሪ ፔሸንት» ብል ይበቃኝ ነበር። ምስል ካማረኝ ደግሞ «ኸር ፔሸንስ ኢዝ ኤ ዲፕ ዌል» ማለት እችል ነበር። ትዕግስቷ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ ቢቀዱት አያልቅም። ውሃ ከጉድጓድ ሲቀዳ ያየ ሰው የትም አገር ቢሆን ይገባዋል።

ትርጉሙን ስለምታውቂው አልመላለስበትም። ሲሚሊ የእኛ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ሜታፈር ተለዋጭ ዘይቤ ነው። «እንደ አንበሳ ነው» እና «አንበሳ ነው»። ግን የቃላቱን ምንጭ ያዢልኝ። ሲሚሊ ከላቲን የመጣ ነው፣ «ተመሳሳይ» ከሚል ቃል። ሜታፈር ከግሪክ ነው፣ ትርጉሙም ተሸክሞ ማሻገር። ለእኔ ዓይኔን የከፈተልኝ ይህ ነው። አንድ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ያንቺ ሥራ ምን እንደተሻገረ መጠየቅ ነው። አንበሳ ጋማ አለው፣ ጅራት አለው፣ ጥሬ ሥጋ ይበላል። ወደ ሰውየው የሚሻገረው ግን ጀግንነቱ ብቻ ነው።

ምንባብ ላይ እንዲህ ሞክሪው። ዓረፍተ ነገሩ በቁሙ ሲታይ ሊሆን የማይችል ከሆነ፣ ቁሚ። አንድ ጊዜ «ዘ ክላስሩም ዋዝ ኤ ዙ» የሚል ለተማሪዎቼ ሰጠሁ። ግማሹ ክፍል «እንስሳት ነበሩበት» ብሎ መለሰ። አልፈረድኩባቸውም፣ አብዛኞቹ መካነ እንስሳት አይተው አያውቁም። «ክፍሉ የባቲ ሰኞ ገበያ ነበር ብላችሁስ?» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። ግመልም ጨውም አልተሻገረም። የተሻገረው ጫጫታውና ግርግሩ ነው። እና እንግዳ ምስል ሲገጥምሽ የወሎ አቻውን ፈልጊለት። ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ፈተና ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የእኛን «እንደ» የሚተኩት «አዝ» ወይም «ላይክ» ስላሉበት ብቻ ሁሉም ሲሚሊ አይሆንም። «ሂ ኢዝ አዝ ቶል አዝ ሂዝ ብራዘር»፣ ማለትም ቁመቱ የወንድሙን ያህላል፣ ተራ ማወዳደር ነው፣ ሰውን ከሰው ጋር በሜትር መለካት ይቻላል። ሰውየውን ከባሕር ዛፍ ጋር ካወዳደርሽው ግን ሲሚሊ ሆነ፣ ሁለቱ ዓይነታቸው የተለያየ ነውና። ስትጽፊም «አይ ላይክ ኤ ላየን» ብለሽ እንዳትተዪው። እሱ አንበሳ እወዳለሁ ማለት ነው። «አይ አም ላይክ ኤ ላየን» በዪ። ያቺን ትንሿን «ኤ» ደግሞ አትርሺያት። አማርኛ ስለማያስፈልገው እኛ እንዘላታለን።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ምስሉ አንድ ሆኖ ሸክሙ የሚለያይበት ጊዜ አለ። እኛ ነጭ ውሸት ስንል ዓይን ያወጣ ውሸት ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው «ዋይት ላይ» ግን ሰው ላለማስቀየም የሚዋሽ ትንሽ ውሸት ነው። በትክክል ተቃራኒው! ጉጉት እነሱ ዘንድ የጥበብ ምልክት ናት፣ እኛ አገር ጣራ ላይ ስትጮህ ሰው ይደነግጣል። ሆዳሙን ጅብ ነው እንላለን። እንግሊዝኛው ጅብን የሚያነሳው በአብዛኛው ስለ ሳቅ ነው፣ ምግብ መሰልቀጡን ለተኩላ ሰጥቶ «ዎልፍ ዳውን» ይላል። ስለዚህ እንስሳ፣ ቀለምና የሰውነት ክፍል ከማሻገርሽ በፊት መዝገበ ቃላት ክፈቺ። እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚወድቁት።

ዘይቤ የግጥም ጌጥ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ። አሁን «ገባኝ» ብትዪ ሜታፈር ተናገርሽ። ሐሳቡ በር ከፍቶ አንቺ ውስጥ ገባ ማለት ነው። እንግሊዛዊው በዚያው ቦታ «አይ ሲ» ይላል፣ አየሁት። ለእኛ መረዳት መግባት ነው፣ ለእነሱ ማየት። እኛ «ጊዜዬን በላብኝ» እንላለን፣ እነሱ ጊዜን እንደ ገንዘብ ያወጡታል፣ ይቆጥቡታል፣ ያባክኑታል። ይህን ማስተዋል ከጀመርሽ ምንባብ ሌላ መልክ ይይዛል። መንዙማ እየሰማን፣ የቡና ላይ ምርቃት «አሚን» እያልን ላደግን ልጆች ደግሞ ነገርን በነገር መመሰል አዲስ ትምህርት አይደለም። ነቢዩ በሙሉ ጨረቃ ሲመሰሉ ማንም ጨረቃ ናቸው እንዴ ብሎ አይጠይቅም። ችሎታው አለሽ፣ የጎደለሽ የእንግሊዝኛው ልማድ ነው።

ስትጽፊ «አዝ ቢዚ አዝ ኤ ቢ» (እንደ ንብ ሥራ የበዛበት) ዓይነቱን በዝርዝር መሸምደድ አልወድም። ማወቁ ለንባብ ይጠቅማል። ግን አንባቢው ሺህ ጊዜ ስላየው ንቧ አትታየውም። ያየሽውን ጻፊ። አንዲት ተማሪዬ በክረምት የደሴውን የጦሳ ተራራ ጉም እንዲህ ጻፈችው፦ «ዘ ፎግ ሳት ኦን ዘ ማውንቴን ላይክ አን ኦልድ ማን ራፕት ኢን ኤ ዋይት ብላንኬት»። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው ያየችው። ጋቢ የሚለውን ቃል የውጭ አንባቢ ስለማያውቀው ነጭ ብርድ ልብስ አደረገችው፣ ሽማግሌውን ግን አልነካችውም። ደሴን የማያውቅ ሰው እንኳ ተራራውን ያየዋል።

አንቺም ከወልድያ አንድ ነገር ምረጪ። የጠዋቱ ብርድ ይሁን፣ መናኸሪያው ይሁን። ሁለት መስመር ጽፈሽ እዚሁ ሥር ለጥፊው፣ ማታ አየውና እነግርሻለሁ።