አረንጓዴዋን ጊታር ከመግዛትሽ በፊት አንገቷን እዪ

ከአራት ኪሎ የጻፈችልን አንባቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እስካሁን ጊታር ይዛ አታውቅም። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ርካሽ ሊድ (ኤሌክትሪክ) ጊታሮች አይታለች። አንዷ የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹን የፈረንጅ ጊታር ቅርጽ የያዘች፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለም ያላት፣ ድምፅ ማርገብገቢያ እጀታም ያላት ናት። ሌላዋ ጥቁር ናት። እጀታ የላትም፣ ዋጋዋም ትንሽ ይቀንሳል። የልጅቷ ልብ ያለው አረንጓዴዋ ላይ ነው። ጓደኛዋ ግን «ለዓይን ነው እንጂ ርካሽ ዕቃ ናት፤ ደግሞ መጀመሪያ በቦክስ ጊታር ተማሪ» ብሏታል። ሻጩ በበኩሉ «ኦሪጅናል ናት» ይላታል። «ጋሼ፣ የማንን ልስማ?» ትላለች። የጊታሯን ፎቶም ልካልናለች።

እህቴ፣ የሁለቱንም ወሬ ለጊዜው ተዪውና ጊታሯን ራሷን እንያት።

በመጀመሪያ የቦክስ ጊታሩን ነገር እንጨርስ። በእሱ መጀመር ግዴታ አይደለም። የብረት ክር ያለው ቦክስ ጊታር ለጀማሪ ጣት ከሊድ ጊታር ይከብዳል። ክሩ ወፍራም ነው፣ ሲጫኑትም ጉልበት ይፈልጋል። ደብዳቤሽ ላይ የኢቤክስና የሮሃ ባንድ ዘመን ጊታር፣ የሰላም ሥዩም ዓይነት አጨዋወት እወዳለሁ ብለሻል። ያ ድምፅ የሊድ ጊታር ድምፅ ነው። የምትወጂውን ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ይዘሽ ብትጀምሪ ቶሎ አትሰለቺም። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ጀማሪ ትምህርቱን የሚተወው ብዙ ጊዜ ጊታሩን ማንሳት ስለማያምረው ነው። ስለዚህ ቀለሟን መውደድሽም ቀላል ነገር አይደለም።

«ኦሪጅናል» የሚለውን አትከራከሪበት። ጭንቅላቷ ላይ ያለው ስም ምንም አያረጋግጥም። ስም ይለጠፋል። በዚህ ዋጋ የምትሸጥ ጊታር የድሮውን ቅርጽ ይዛ በቅርቡ የተሠራች ናት፣ በዚያም ምንም ክፋት የለውም። ርካሽ መሆኗም ብቻውን አያስጥላትም። አሜሪካ ውስጥ ናታን ዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1947 ያቋቋመው ዳንኤሌክትሮ የጊታሮቹን ገላ ፊትና ጀርባ ሜሶናይት ከሚባል የተጨመቀ ጣውላ ይሠራ ነበር። ፒካፖቹን፣ ማለትም የክሩን ድምፅ የሚቀበሉትን ማግኔቶች፣ የሚከታቸው የከንፈር ቀለም መያዣ ቱቦ ውስጥ ነበር። ሲርስ የተባለው ትልቅ መደብር ሲልቨርቶን በሚል ስም ለጀማሪዎች ይሸጣቸው ነበር። በ1960ዎቹ ከወጡት ውስጥ መያዣ ሳጥኗ ላይ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) የተገጠመላት ጊታርም ነበረች። ያኔ የድሃ ልጅ ጊታር ነበሩ፤ ዛሬ እየተፈለጉ ይገዛሉ። የገላው እንጨት ርካሽ ቢሆን ጊታር ይጫወታል። አንገቱ ከተበላሸ ግን አይጫወትም።

እንግዲህ ወደ አንገቷ። ሱቁ ስትሄጂ ሦስት አራት የኤቲኤም ካርድ ያዢ፤ የራስሽ ካልበቃ የጓደኛሽን ጨምሪ። የአንድ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ጊታሯ መጀመሪያ ትቃኝ። ያልተቃኘ ጊታር አንገቱ ስለማይወጠር ልኩ ያሳስታል። አንገቷ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ፤ የሚቆጠሩት ከጭንቅላቷ በኩል ነው። ከዚያ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅሽ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅሽ ደግሞ አንገቷ ከገላዋ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኚ። ሰባተኛው ፍሬት ጋ ጎንበስ ብለሽ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዪ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የወረቀት አድራሻ ካርድ ያህል ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። የኤቲኤም ካርድ የሚያስገባ ከሆነ አንገቷ ጎብጧል። ክሩ ፍሬቱ ላይ ድፍት ብሎ ከተኛ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዷል። ሁለቱም በአንገቷ ውስጥ በሚያልፈው ብረት ይስተካከላሉ። ግን ባለሙያ ያስተካክለው፣ ሻጩ እዚያው ፊትሽ ቁልፍ አንስቶ እንዳያጠብቀው። በኃይል የተጠመዘዘ ብረት ይበጠሳል።

የማይስተካከለው መጠምዘዝ ነው። ጊታሯን ከጭንቅላቷ በኩል ወደ ዓይንሽ አስጠግተሽ አንገቷን እስከ ታች ድረስ እዪ። የግራና የቀኝ ጠርዙ እኩል መሄድ አለበት። አንዱ ጠርዝ ከፍ ሌላው ዝቅ እያለ ከሄደ አስቀምጠሽ ውጪ። ዋጋ ቀነሰልሽ አልቀነሰልሽ፣ አትውሰጃት።

አሁን ክሩን ሳትጫኚ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካርዶቹን ደራርበሽ በወፍራሙ ክር ስር ክተቺ። ሁለት ካርድ በቀላሉ ገብቶ ሦስተኛው ክሩን ከነካ ለጀማሪ ምቹ ከፍታ ነው። አራት ካርድ ካስገባ ጣትሽን ያደክማል። ያም ሆኖ ወዲያው አትጣያት፤ ብሪጁ (ገላዋ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ላይ ባሉት ትናንሽ ብሎኖች ዝቅ ይላል። ብሎኖቹ መጨረሻቸው ላይ ደርሰው ክሩ አሁንም ከፍ ካለ ግን የአንገቷ አገጣጠም ትክክል አይደለም ማለት ነው።

ሻጭም ገዢም የማያያት አንዲት ቦታ አለች። በአንገቷ ጫፍ፣ ክሮቹ ወደ ጭንቅላቷ ከመግባታቸው በፊት የሚያርፉባት ስድስት ስንጥቅ ያላት ቁራጭ ናት፤ ነት እንላታለን። ርካሽ ጊታር ላይ ስንጥቆቹ በደንብ ሳይሞረዱ ይቀራሉ። ክሩ እዚያ ጋ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ልጅ ደግሞ «ኤፍ ኮርድ አልያዝ አለኝ፣ እጄ ደካማ ነው» እያለ ራሱን ይወቅሳል። እጁ አይደለም። እንዲህ ሞክሪ፦ ክሩን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጫኚና አንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዪ። ቀጭን ወረቀት የሚያስገባ ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ መሞረድ ያስፈልጋታል። የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሲጨርስ ግን ሌላ ጊታር የያዝሽ ይመስልሻል። ስንጥቁ ከልክ በላይ ጠልቆ ያልተጫኑት ክር የሚንጫጫ ከሆነ ነቷ መቀየር አለባት።

መዳፍሽን በአንገቷ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራቺ። የፍሬቶቹ ጫፍ ይቧጭርሻል? አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። ርጥበት ካለበት አገር የመጣ እንጨት እዚህ ይሟሽሻል፤ ብረቱ ስለማይሟሽሽ ጫፉ ወጣ ይላል። በሞረድ ይስተካከላል፣ አያሳስብሽ። አንገቱም በክረምትና በበጋ ትንሽ ስለሚለዋወጥ በዓመት አንድ ሁለቴ ማሳየት ነው።

ስለ እጀታዋ ልንገርሽ። የአረንጓዴዋ እጀታ ከብሪጁ ኋላ ባለ ረጅም የብረት ሰሌዳ ላይ እንደተተከለ ከፎቶው አይቻለሁ። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ክሮቹን ብሪጁ ላይ በደንብ አይጫናቸውም። ቀጭን ክር ከታሰረባት በኃይል ስትመቺ ክሩ ከቦታው ይዘላል ወይም ይንጫጫል። መፍትሔው ወፈር ያለ ክር ነው። ከነቷ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ለክተሽ በሁለት አባዢ። 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከመጣ አጭር አንገት ናት፤ ለትንሽ እጅ ትመቻለች፣ ክሩም ይላላል። ስለዚህ ቀጭኑ ክር 9 ቁጥር የሆነውን ሳይሆን ወፈር ያለውን፣ ከ10 ቁጥር የሚጀምረውን አሳስሪ። 65 ገደማ ከመጣ ረጅሟ ናት፤ እሷም ቢሆን በዚህ ብሪጅ 10 ይሻላታል። እጀታውን ደግሞ ለጊዜው ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ። ጀማሪ መቃኘትን መልመድ አለበት፤ በየደቂቃው ቅኝቱን የሚያናጋ እጀታ ያንን አያስለምድም።

ኤሌክትሪኩ ብዙም አያስጨንቅሽ። አምፕ ላይ ሰክተሽ ሁሉንም ፒካፕ በየተራ ሞክሪ። ቮልዩሙ ሲዞር መንኮሻኮሽ፣ ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ሲነካ መቆራረጥ በትንሽ ሥራ ይስተካከላሉ። ነጠላ የሽቦ ጥቅል ያላቸው ፒካፖች «ዝዝ» ማለታቸው ባሕርያቸው ነው። ክሩን ስትነኪ «ዝዝታው» ከቀነሰ የውስጥ ሽቦዋ ደህና ነው። ግን ስትነኪ ውርር የሚያደርግሽ ከሆነ ያ አምፕ ኧርዝ የለውም፤ ወዲያው ከሶኬት ይነቀል። ባለ ሦስት እግር ሶኬትን ኧርዝ በሌለው ማከፋፈያ ላይ አትሰኪ። ቀልድ አይደለም፣ 220 ቮልት ነው። ለኮንዶሚኒየም ጎረቤቶችሽ ደግሞ ጊታሩ ላይ በቀጥታ የሚሰካ፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሻል፤ መብራት ሲጠፋም ትለማመጂበታለሽ።

ገንዘብሽን በሙሉ ጊታሯ ላይ አትጨርሺ። ሩቡን ያህል ለአዲስ ክር፣ ለገመድና ለማስተካከያ አስቀሪ። በደንብ የተስተካከለች ርካሽ ጊታር፣ ካልተስተካከለች ውድ ጊታር ትሻላለች። ደረሰኝና የሻጩን ስልክም ያዢ፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሱቆች ቦታ ቀይረዋል፣ ደንበኞቻቸውም ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ።

ስለዚህ አረንጓዴዋ አንገቷ ካልተጠመዘዘ፣ ብሎኖቿም መጨረሻቸው ላይ ካልደረሱ ውሰጃት። ነቷ ከፍ ያለች ከሆነ የማስሞረጃውን ዋጋ ከሻጩ ላይ አስቀንሺ። ፈተናውን ካላለፈች ጥቁሯን በዚያው መንገድ ፈትሻት። ሻጩ «ካርድ አታስገቢ፣ አምፕም አልሰካም» ካለሽ አመስግነሽ ወደ ሌላ ሱቅ ሂጂ።