በጾም ጂም መቼ ይሠራ?

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ። ጠዋት ክብደት ሳነሣ ያዞረኛል፤ ጡንቻዬም የቀነሰ መሰለኝ። 70 ኪሎ ነኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጠዋቱን ይተዉት። በላብ የወጣውን ውኃ እስከ 9 ሰዓት ካልተኩት ቢያዞርዎ አይገርምም። በ9 ሰዓት ሙዝና ውኃ ቀምሰው 10 ሰዓት ላይ ይሥሩ፤ ዋናው ምግብ ከዚያ በኋላ ይሁን። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ክብደት ለሚያነሣ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ለእርስዎ በቀን ከ84 እስከ 112 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ይሰጣል። የቀጠነ ሽሮ አያታልልዎ፤ ድስቱ ቢሞላም አብዛኛው ውኃ ነው። ወፈር ተደርጎ ይሠራ፤ ማታ ላይ ለውዝና የሽምብራ ቆሎ ይጨምሩ። ቡናውን ከምግቡ ያርቁት፤ ወደ ደም የሚገባውን የምስሩን ብረት ይቀንሳል።