መልስ፦ «ሸረሪት ሸንታብኝ ይሆን?»
እህቴ፣ ጠዋት ስትነሺ አንገትሽ ላይ በጅራፍ የተገረፈ የሚመስል ቁስል አይተሽ ሸረሪት ሸንታብኝ ይሆን ብለሻል። ምስኪን ሸረሪት! የሷ ኩስ ቆዳ አያቃጥልም። እኔም ጅማ ፈረንጅ አራዳ ተከራይቼ ሳለሁ ደርሶብኛል። ጥፋተኛዋ ጉንዳን የምታክል፣ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ ናት፤ ዝናብ ሲሆን (የጅማ ዝናብ ደግሞ መች ያባራል!) መብራት ተከትላ ትገባለች። አትነክስም፣ አትናደፍም። ሳታውቂ ስትጨፈልቂያት ነው ፔደሪን የሚባለው መርዝ ቆዳሽን የሚነካው። ቃጠሎው ቆይቶ ስለሚጀምር ሐሜቱ ጣሪያ ላይ ላለችው ይተርፋል። ካረፈችብሽ እፍ በያት፣ ቦታውን በሳሙና ታጠቢ፣ በዚያ እጅ ዓይንሽን አትንኪ። ውሃ የቋጠረው በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ከዞረና ሕመሙ ከጠናብሽ ግን አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሚመጣው በጉድፍ (ቺክንፖክስ) ቫይረስ ነው፣ ሽፍታው ከወጣ 72 ሰዓት ሳይሞላ ሐኪም ጋ ሂጂ።