«መስኮት ከፍተን ብናጨስስ?» ስለ ሲጋራ ጭስና ስለ ሥራ ቦታ የጠየቃችሁኝ

ባሕር ዳር ውስጥ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ሆቴልና ምግብ ቤት እየዞርኩ አያለሁ። በሥራ ቦታ ሲጋራ ስለመከልከሉ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከመጣው የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ባለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። አጭሼ አላውቅም። ማታ ቤት ስገባ ግን ፀጉሬ ሳይቀር ጭስ ጭስ ይላል። ይጎዳል ወይስ ሽታ ብቻ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሽታ ብቻ አይደለም። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ 70 ያህሉ ካንሰር ያመጣሉ። የማያጭስ ሰው ቤት ወይም ሥራ ቦታ የሌላውን ጭስ እየተነፈሰ ከኖረ፣ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ደንበኛው ሁለት ሲጋራ አጭሶ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። አንቺ ግን የእሱን፣ ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጠውን፣ ከዚያም የሌላውን ስትስቢ ትውያለሽ። መተርኮሻውን የምታነሺውም አንቺ ነሽ።

ጥያቄ፦ ሆቴል አለኝ። ለአጫሾች ጥግ ለይቻለሁ፣ ቬንትሌተርም ገጥሜያለሁ፣ መስኮትም እከፍታለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ወጪ እንዳወጡበት ይገባኛል፤ ግን አይበቃም። በቅርቡ አንድ ቤት ከሰዓት በኋላ ገብቼ አንድ ሲጋራ በዓይኔ ተከተልኩ። ሰውየው መስኮቱ ሥር ነበር። የሐይቁ ንፋስ ጭሱን ወደ ውስጥ መለሰው። በጠረጴዛዎቹ ላይ አልፎ ካሸሯ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ በር ሄደና ጠፋ። ከዓይን ጠፋ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ቬንትሌተር ያዞረዋል እንጂ አያጠራውም። የአሜሪካው ሰርጀን ጄኔራል (የአገሪቱ መንግሥት ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም) በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርትም መለየትም ሆነ አየር ማናፈስ ጭሱን እንደማያስወግድ፣ «ይህን ያህል ብቻ ከሆነ አይጎዳም» የሚባል መጠንም እንደሌለ ያስረዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የእኛም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ማጨስን ጨርሶ ይከለክላል።

ጥያቄ፦ በረንዳስ?

መልስ፦ ከበርና ከሚከፈት መስኮት 10 ሜትር መራቅ አለበት። አብዛኛው በረንዳችን ይህን አያሟላም።

ጥያቄ፦ ክልከላው በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፣ ተለክቷልም። አየርላንድ በመጋቢት 2004 እ.ኤ.አ. ቡና ቤቶችን ጨምሮ የሥራ ቦታዎችን ከጭስ ነፃ አደረገች። የማያጨሱ የቡና ቤት ሠራተኞች ምራቅ ከክልከላው በፊትና በኋላ ተመረመረ። ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚተወው ኮቲኒን በ80 በመቶ ወረደ። ሕጉ ገና ባልደረሰበት በጎረቤት ሰሜን አየርላንድ የወረደው በ20 በመቶ ብቻ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከአዋጁ በፊት በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ነበር። ቤት ውስጥ ከሚሠሩት መካከል ግን በሥራ ቦታቸው ጭስ የሚደርስባቸው 29.3 በመቶ ነበሩ። የሚያጨሰው ጥቂት፣ የሚተነፍሰው ብዙ! ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ደንበኛ አይሸሽም?

መልስ፦ አይሸሽም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2009 እ.ኤ.አ. መረጃውን መርምሮ የምግብ ቤቶች ገበያ እንደማይጎዳ ደምድሟል። ልጆቹን ይዞ ዓሣ ሊበላ የሚመጣውን አባወራም አስቡት።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። አለቃዬ ቢሮ ውስጥ ያጨሳል። ምን ልበል?

መልስ፦ ጭሱ የጽንሱን ክብደት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበይ። ብቻሽን አትግቢ፤ ሁለት ሦስት ባልደረቦችሽን ይዘሽ ሰው ኃይል ሂጂ። በጽሑፍ አመልክቺ፣ የአዋጁን ቁጥር ጥቀሺ፣ ግልባጩን ያዢ። «ጠረጴዛሽን እናዛውርልሽ» ቢሉሽ እሺ አትበይ። ክፍሉ አንድ ነው፣ አየሩም አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይስ?

መልስ፦ የሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ አይቻልም።

ጥያቄ፦ እኔ አጫሽ ነኝ። እንደ ጠላት አያችሁን እኮ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም። ከጭስ ነፃ በሆነ ቦታ የሚሠሩ አጫሾች በቀን 3 ያህል ሲጋራ እንደሚቀንሱ፣ ጨርሰው የሚያቆሙም እንዳሉ በጥናት ታይቷል። ክልከላው ለአንተም ነው። ለጊዜው ከበሩ ራቅ በልልን። ለማቆም ባሰብክ ቀን ግን ጻፍልኝ፤ ከየት እንደምትጀምር አብረን እናያለን።