ማንጎው ያው ነው፣ ገዢው ግን ተለወጠ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጥያቄ፦ አያ፣ ደንቢያ ሃያ እግር ማንጎ አለኝ። ነጋዴ መጥቶ ፍሬው ሳይደርስ "ዛፉን እንዳለ ልግዛህ" አለኝ። ምን ይላሉ አንቱ?

መልስ፦ ብር ካላጣደፈህ እንቢ በለው። እሱ ኪሎውን ገምቶ ያውቀዋል፣ አንተ አታውቀውም። ለቃሚውም እሱ ስለሆነ በዱላ አርግፎልህ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር የበረዶውንና የሌባውን አደጋ ይሸከማል። ግን ለዚያ ብሎ የሚቆርጠው ዋጋ ያናድዳል።

ጥያቄ፦ ሱፐርማርኬት ጥሩ ይከፍላል ይባላል። ቅዳሜ ገበያን ትቼ ልግባበት?

መልስ፦ ይከፍላል። ግን መቼ? ቅዳሜ ገበያ ትልቁም ትንሹም፣ የጠቆረውም ዋጋ አለው፤ ብርህን በኪስህ ይዘህ ትመለሳለህ። ሱፐርማርኬት እኩል እኩል የሆነ ፍሬ፣ በተባለው ቀን፣ በየሳምንቱ ይፈልጋል። ደረሰኝም ይጠይቅሃል። ከመቶ ኪሎ ሠላሳውን "ይሄ አይሆንም" ብሎ ቢመልስልህስ የት ታደርሰዋለህ? እኔ አንዴ ለሆቴል ፓፓያ አቅርቤ "ሰኞ ና" እያሉኝ ሁለት ወር ተመላልሻለሁ። ትልቅነትም ዋስትና አይሆንም። የኬንያው ሱፐርማርኬት ናኩማት በምሥራቅ አፍሪካ ስንት ቅርንጫፍ የነበረው ነው። በ2010 ዓ.ም ግድም ሲንኮታኮት ብዙ አቅራቢዎች ገንዘባቸው ተበልቶ ቀረ። ስለዚህ ምርጥ ምርጡን ለሱፐርማርኬት፣ የቀረውን ለቅዳሜ ገበያና ለጁስ ቤት አድርገው። ለብቻህ ደግሞ አትሞክረው፤ አምስት ስድስት ጎረቤት ካልተባበራችሁ ሳምንት ሳያቋርጡ ማድረስ ዘበት ነው።

ጥያቄ፦ የውጭ ሱፐርማርኬቶችም ሊገቡ ነው አሉ። አለቀልን?

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም በወጣ መመሪያ ለውጭ ባለሀብት ተዘግቶ የኖረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ተከፍቷል፤ ወሬ አይደለም። በላቲን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ሱፐርማርኬቶች ከምግብ ችርቻሮው ግማሹን ያህል ያዙ። ትኩስ ፍራፍሬው ግን እዚያም ወደ ኋላ ቀርቶባቸው ነበር። ሰው ፍሬ ዳብሶ መግዛት ይወዳላ! እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ እስኪደርሱ ጊዜ አለን።

ጥያቄ፦ ማንጎዬ ጎንደር ሲደርስ ልጣጩ ይጠቁራል።

መልስ፦ ከእንብርቱ ስትመነጭቀው የሚወጣው ወተት ነው የሚያቃጥለው። ትንሽ ጭራ አስቀርተህ በመቀስ ቁረጠው። በማዳበሪያ ከረጢት አትጠቅጥቀው፣ ሳጥን ፈልግ። ሮዝ ነጠብጣብ ካየህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነጩ የማንጎ ተባይ ሊሆን ይችላል። በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ2002 ዓ.ም ወለጋ ነው። ችግኝ ከማታውቀው ቦታ አታምጣ።

ጥያቄ፦ አቮካዶዬ ዛፉ ላይ አልበስል አለኝ። ምን ላድርግለት?

መልስ፦ ምንም! አቮካዶ የሚበስለው ከተቆረጠ በኋላ ነው። እንዲያውም ደስ ይበልህ። ገበያው ሲጠግብ ፍሬውን ዛፉ ላይ ማቆየት ትችላለህ። ማንጎ ይህን አይፈቅድልህም።

ጥያቄ፦ ዘይቱንስ?

መልስ፦ ጁስ ቤት፣ በለቀምክበት ቀን። ካደረ ለቤት ልጆች ነው።